ለበግ መንጋው ሁሉ የትል ኪኒን አትስጡ

ግልገል ሣር መቅመስ ሲጀምር የትል እጭም አብሮ ይውጣል። ጥቂት ከሆነ አይከፋም፤ ሰውነቱ ትሉን የሚለየው በዚሁ ነው። ውሎ አድሮ የጨጓራውና የአንጀቱ ግድግዳ እጩን አላስቀምጥ ይላል፤ የተረፈችው ሴት ትልም ትቀጭጫለች፣ እንቁላሏ ያንሳል። ግን ወራት ይፈጃል። የ4 ወር ጠቦት ገና ነው፤ ወደ ዓመቱ ሲጠጋ ይጠነክራል።

እናት በግ ከመውለዷ 2 ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ትል የመቋቋም አቅሟ ይወርዳል፣ ከወለደችም በኋላ እስከ 6 እና 8 ሳምንት አይመለስም። ያን ጊዜ ከበጠጧ ጋር የምትጥለው የትል እንቁላል የራሷን ልጅ ይጎዳል። ስለዚህ በነዚህ ሳምንታት በቀን 200 ግራም የኑግ ፋጉሎ እጨምርላታለሁ። ድርቆሽ ሆድ ይሞላል እንጂ ትል አይመክትም።

የሚያናድደኝ መድኃኒቱ ላይ ነው። መድኃኒት አዳዮቹ «በጎቻችሁን አውጡ» ይሉና አልቤንዳዞል የሚባል ባለ 300 ሚሊ ግራም የትል ኪኒን ለሁለት እየተገመሰ ለትልቁም ለትንሹም ይታደላል። ሚዛን የሚባል የለም! ለበግ የአንጀት ትል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። ግማሿ ኪኒን 150 ናት፤ ለ20 ኪሎ ጠቦት ትተርፋለች፣ 35 ኪሎ ለሚመዝን አውራ ግን 175 ነበር የሚገባው። በጎደለ መጠን የማይሞተው መድኃኒቱን የሚቋቋመው ትል ነው፤ የሚራባውም እሱ። ይባስ ብሎ «መድኃኒቱን ሰጥታችሁ ወደ አዲስ ግጦሽ ንዱ» ይሉናል። አዲሱ መስክ ታዲያ በማን እንቁላል ይሞላል? ይህን ስንጠይቅ መልሱ «መመሪያ ነው» ነው።

እኔ በጉን በተንጠልጣይ ሚዛን እመዝናለሁ፤ በቀን ብርሃን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጌ አያለሁ። ቀይ ከሆነ አልሰጥም። ከነጣ፣ መንጋጋው ሥር ካበጠ ወይም ተቅማጥ ይዞት ከከሳ ሙሉ መጠኑን እሰጣለሁ። የመጀመሪያ ወር እርጉዝ ላይ ግን አልቤንዳዞል አይነካም። ሳይታከሙ የቀሩት በጎች መድኃኒት ያልለመደ ትል መስኩ ላይ ያቆያሉ፤ ያ ይጠቅመናል።

የጉበት ትል ሌላ ጉዳይ ነው። በግ ለሱ መከላከያ አያበጅም፣ ያረጀውም ይሞትበታል። አልቤንዳዞልም ትልልቁን እንጂ ጉበት ውስጥ የሚጓዘውን ጨቅላ አይገድልም፤ ለሱ ትራይክላቤንዳዞል የሚባለው መድኃኒት ነው። በጉን ትሉ ከሚያድግበት ቀንድ አውጣ ካለበት ጨፌ ማራቅ ግን ከሁሉም ይረክሳል።

ትል የመቋቋም አቅም በዘር ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ መድኃኒት ያልፈለገውን የመንዝ አውራ ለዘር አስቀራለሁ፤ ደጋግሞ የሚነጣው፣ ቁመናው ቢያምርም፣ ለፋሲካ ገበያ ይወጣል።