ታጥቦ ጭቃ የሆነው የእንጨት ገንዘቤ

ሲያትል ታክሲ ስነዳ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ከጉርሻው ጋር ክብ የእንጨት ሳንቲም ጣል አደረጉልኝ። የ1962ቱ የሲያትል የዓለም ኤግዚቢሽን መታሰቢያ ነው፤ ስፔስ ኒድል የተባለው የከተማዋ ማማ የቆመለት ኤግዚቢሽን። የእንጨት ገንዘብ የመሰብሰብ ልክፍቱ ከዚያ ጀመረኝ።

ክቦቹን መልቀም ቀላል ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሄዶ ካርቶን መበርበር ብቻ። ከተማውም ባንኩም ለማስታወቂያ ሲያሳትማቸው ስለኖረ አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው። «ብርቅ ነው» የሚላችሁን ሻጭ ሳቁበትና እለፉ።

እኔን ጉድ የሠራኝ የተናይኖ ገንዘብ ነው። ተናይኖ እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1931 መጨረሻ ባንኳ ሲዘጋ የሰው ገንዘብ እዚያው ታሰረ፤ ባለሱቁ ዝርዝር አጣ። የንግድ ምክር ቤቱ ምትክ ገንዘብ አወጣ፤ መጀመሪያ በወረቀት፣ ቀጥሎ በስሱ በተቆረጠ እንጨት። ሰብሳቢ ተሻምቶ ስላስቀረው አብዛኛው ለምንዛሪ አልተመለሰም።

የሁለት ቀን ገቢዬን ከፍዬ ባለ 25 ሳንቲሙን ገዛሁ። ጥጉ ላይ የሻይ ጠብታ የመሰለ ዕድፍ ነበረው። ሻጩ «ቢጸዳ ዋጋው ይጨምራል» አለኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያናድደኛል፤ ግን ብሩሹን የያዘው የሱ እጅ አልነበረም።

ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ዕድፉ ለቀቀ፤ ደስ አለኝ። ቀና ብዬ በመብራት ሳየው ጽሑፉም አብሮ ፈዟል። ደንግጬ ቶሎ ይድረቅ ብዬ ማሞቂያው ላይ አሰጣሁት። ተመልሼ ስመጣ እንደ ድርቆሽ ተጠቅልሏል። እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ። በመዳፌ ላቃናው ስጫነው ቀጭ አለና ለሁለት ተሰነጠቀ። ባለቤቴ ከበሩ ሆና «አንተ፣ ገንዘብ ይታጠባል እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጠረግ አድርጉት እንጂ ውሃ አታስነኩት። መመሪያዎቹ የጥጥ ጓንት አድርጉ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። የጥጡ ክር የእንጨቱን ስንጣሪ ይይዘዋል። ታጥቦ የደረቀ እጅ ይበልጣል። ከማሞቂያና ከመኪና መስኮትም አርቁት።

በ2020 ተናይኖ በኮቪድ ለተቸገሩ ነዋሪዎቿ ባለ 25 ዶላር የእንጨት ገንዘብ እንደገና አትማለች። አንዱን እያፈላለግሁ ነው። ሁለቱ ስባሪዎች መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ ሙጫ አላስነካኋቸውም።