የሱብሂ መጋረጃ

ኮምቦልቻ ዳር ባለ አንድ ችግኝ ጣቢያ፣ ታኅሣሥ ላይ የቲማቲሙ ችግኝ ተመዘዘ። ባለ 200 ቀዳዳው ትሪ ላይ አራተኛ ቅጠሉን ሳያወጣ አንገቱ ቀጥኖ ረዘመ፤ ውሃ ሲጠጣ ይተኛል። እንዲህ ያለውን ደንበኛ አይወስደውም፤ ሲጫን ይሰበራል፣ ሲተከል ይጋደማል። ባለሙያው «ብርሃን አንሶት ነው» ብሎ የችግኝ ቤቱን ላስቲክ አሳጠበ፤ ናይትሮጅንም ቀነሰ። ለውጥ ሲጠፋ የዕድገት መግቻ ኬሚካል እንዲገዛ ጠየቀ።

በምሥራቅ በኩል ያለው መስመር ግን አጭርና ወፍራም ነው። ዘሩ ያው፣ አፈሩ ያው። ባለሙያው ምክንያቱን ያየው አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ደርሶ የሌሊት ጥበቃውን ያገኘ ዕለት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን የምሥራቅ ጎን መጋረጃ ማን ጠቀለለው?»

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ። ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ላደርግ። ቧንቧው እዚህ ውስጥ ነው፤ የበሩ ቁልፍ ንብረት ክፍል ያድራል።»

«እና ለምን መልሰው አይዘጉትም?»

«ላስቲኩ ላብ ያንጠባጥባል፤ ቅጠሉ ይድረቅ ብዬ።»

«ችግኙን ይበርደዋል እኮ!»

«የበረደውስ ቆሟል። የሞቀው ነው የተኛው።»

ለዚህ መልስ የተሰጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። እስከ ዛሬ ፋይላቸው ውስጥ አለ።

ተክል ሙቀትን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ፋይቶክሮም ቢ የሚባል ፕሮቲን ነው። ቀን ብርሃን ያነቃዋል፤ ሲመሽ ቀስ እያለ ይቦዝናል፤ ሌሊቱ ከሞቀ መቦዘኑ ይፈጥናል። የካምብሪጅና የቦነስ አይረስ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2016 አረቢዶፕሲስ በምትባል ለምርምር በምታገለግል ትንሽ ተክል ላይ አሳይተዋል። እሱ ሲቦዝን ፒፍ 4 የተባለው ፕሮቲን ነጻ ይወጣና ግንድ የሚያስረዝሙትን ጂኖች ያሠራል፤ ኦክሲን የተባለውን የዕድገት ሆርሞን የሚያመርቱትንም ጭምር። በዚህ ላይ የተክሉ የውስጥ ሰዓት አለ። ኢኤልኤፍ 3 ያለበት የፕሮቲን ስብስብ ምሽት ላይ የፒፍ 4ን ጂን ዘግቶ ይይዛል፤ ወደ ንጋት ይለቀዋል፤ ሲሞቅ ደግሞ ቀድሞ ይለቃል። ቀኑ አጭር ሲሆን ግንድ በብዛት የሚመዘዘው ሊነጋጋ ሲል የሆነው ለዚህ ነው። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ 20 ዲግሪ ላይ ተሞልቶ ሲያድር ሁለቱም ልጓሞች አብረው ይላላሉ።

አረቢዶፕሲስ ቲማቲም አይደለም። ነገር ግን የአውሮፓ ግሪንሃውሶች ተክል እንዳይመዘዝ የንጋት ቅዝቃዜን ከዚህ ግኝት ብዙ ዓመት ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ከወጣ በኋላ ማሞቂያው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ የሁለቱም ጎን መጋረጃ ይጠቀለላል፤ ቤቱ ወደ 13 ወይም 14 ዲግሪ ይወርዳል፤ ፀሐይ ወጥታ ትንሽ እስክትቆይ፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት ያህል፣ እንዲሁ ይተዋል። ቴርሞሜትሩ የሚሰቀለው ትሪው ከፍታ ላይ እንጂ ጣሪያው ሥር አይደለም። ከ10 ዲግሪ በታች ማስወረድ ጉዳት ነው፤ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተውና ፀሐይ ስትመታው ቅጠሉ ይጠወልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ማሳደርም አያዋጣም፤ አማካይ ሙቀቱ ስለሚወርድ ችግኙ ይዘገያል።

እውነት ለመናገር፣ ባለሙያው «ብርሃን ነው» ማለቱ ጨርሶ ከንቱ አልነበረም። እርስ በርሳቸው የተጋረዱ ቅጠሎችም የሚያቦዝኑት ያንኑ ፋይቶክሮም ቢን ነው። ላስቲኩን ከማጠብ ይልቅ ችግኞቹን ማራራቅ ነበር የሚሻለው።

በኋላ «የንጋት ሙቀት አያያዝ መመሪያ» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ፊርማው የባለሙያው ነው። ኬሚካሉም ተገዝቶ መጋዘን ተቀምጧል። በመመሪያው መሠረት መጋረጃውን 11 ሰዓት ላይ የሚከፍተው «ተረኛ ባለሙያ» ነው። በዚያ ሰዓት ጣቢያው ውስጥ ከጥበቃው በቀር ሰው የለም።