ብረት ላይ ተተክላ ብረት የራባት ቡናዬ

ሰላም የቤት ውስጥ ተክል ወዳጆች! ጥቅምት ገባ፤ ቡናዬም ደማቅ አረንጓዴ ቅጠል ማውጣት ጀምራለች። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎቻችሁ ነው፤ መጀመሪያ በረንዳ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ፣ ቀጥሎ እሬት፣ ከዚያ ፖቶስ። እነሱ ብዙም አያስቸግሩም። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ትገባለች። ቡና ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የሚያድግ ነውና ሳሎኑ ይስማማዋል ብዬ አንዲት ችግኝ አመጣሁ። ተስማምቷትም ነበር።

ባለፈው በጋ ግን አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ፤ ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ ቀሩ። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ምንም አልሆኑም።

ቅጠል ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት የትኛው ቅጠል እንደታመመ ማየት ይገባል። ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አንሥቶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ቢጫው ከታች ይጀምራል። ብረት ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይዘዋወርም፤ ሥሩ አዲስ ብረት ካላመጣ ለጋው ቅጠል ክሎሮፊል (አረንጓዴ የሚያደርገውን ቀለም) መሥራት ያቅተዋል። ስለዚህ ለእሷ ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) መስጠት ትርፉ ድካም ነው።

ጎረቤታችን እማማ አይተዋት «ልጄ፣ የዛገ ሚስማር ሰካ አድርጊበት» አሉኝ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልሰካሁም። የተተከለችው ቀይ አፈር ላይ ነው፤ አፈራችንን ቀይ ያደረገው ራሱ ብረት ነው። ብረት ሞልቷል፣ ችግሩ አይሟሟም። ሥር ጠጣር ነገር አይወስድም፤ የሚወስደው በውሃ የሟሟውን ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የሚሟሟው ብረት ወደ ሺህ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ቡና ከ5 እስከ 6.5 ያለ አሲዳማ አፈር የሚወደው አንዱም ለዚህ ነው።

በጣም የገረመኝ ሥሩ ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። ብረት ሲያጥረው አሲድ ወደ አፈሩ ይለቅቃል፤ ያን ዝገት መሰል ብረት ሥሩ ገጽ ላይ ወደሚሟሟ ዓይነት ይለውጠዋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የምናጠጣው ውሃ ባይካርቦኔት (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ አሲድን የሚያመክን ነገር) ካለበት ግን ያ ሁሉ የተለቀቀ አሲድ ወዲያው ይመክናል። ተክሉ እየሠራ፣ እኛ በውሃችን እናፈርስበታለን።

የእኛ ሕንፃ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በበጋ ከራሱ ጉድጓድ እየሳበ ሮቶ ይሞላል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ አቼቶ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ያ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ኖራ ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ በባይካርቦኔት መልክ አሟሙቶ ይዞት የመጣ። አሁን አስቡት፦ ተክል ከሚጠጣው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሆነውን በቅጠሉ ቀዳዳዎች መልሶ ያተነዋል። ውሃው ሲሄድ ኖራው ማሰሮው ውስጥ ይቀራል፤ በየማጠጫው ይጨመራል። አሮጌ ቅጠሎቿ ደህና ሆነው አዲሶቹ የተጎዱት አፈሩ ቀስ በቀስ ስለተለወጠ ነው።

ይህን እንዴት አረጋገጥኩ? በቀይ ጥቅል ጎመን! ከትፋችሁ በዝናብ ውሃ ቀቅሉትና አጥልሉት፤ ሐምራዊ ውሃ ይወጣዋል። ሎሚ ጠብ ሲልበት ሮዝ ይሆናል፤ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። በቧንቧ ወይም በጉድጓድ ውሃ አትቀቅሉት፣ ገና ሲጀመር ቀለሙን ይለውጥባችኋል። ከሮቶው ውሃ ላይ ጠብ ሳደርግበት ሰማያዊ ሆነ፤ የዝናቡ ውሃ ላይ ሐምራዊነቱን አልለቀቀም። ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። አፈር ላይ የሚሰኩ ርካሽ የፒኤች መለኪያዎችን አላምናቸውም፤ ለእኔ ከእነሱ ጎመኑ ይበልጣል።

ክረምቱ ሲገባ በረንዳው ላይ ባልዲ ደረደርኩ። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አላጠራቀምኩም፣ የጣሪያውን አቧራ ይዘው ነው የሚወርዱት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከታች እስኪፈስ ድረስ በዝናብ ውሃ እያጠጣሁ ኖራውን አጠብኩት። የቢጫዎቹ ቀለም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ እነሱን አትጠብቁ፣ አዲሱን ቡቃያ ተመልከቱ። ከመስከረም ወዲህ የወጡት ሁሉ አረንጓዴ ናቸው።

አሁን በጋው ከፊታችን ነው፣ ያጠራቀምኩትም እየጎደለ ነው። ስለዚህ የጉድጓዱን ውሃ አፍልቼ አሳድረዋለሁ፤ ሲፈላ ኖራው ይለያይና ከታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለውን ቀድቼ አጠጣለሁ። ብዙ ተክል ላለው ሰው አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ። ሎሚ ጠብ ማድረግም ባይካርቦኔቱን ይቀንሳል፤ ግን ልኩን ማግኘት ስለሚያስቸግር እኔ አልመርጠውም። ከሞከራችሁ በጎመኑ ውሃ እየለካችሁ፣ ሐምራዊ ሲሆን አቁሙ።

የቡና አተላ መድፋትን ግን ተዉት። «አሲድ ነው» ይባላል፤ የፈላ አተላ ግን አሲዱ በብዛት ከቡናው ጋር ወጥቶ አልቋል። ማሰሮ ላይ ሲጋገር ደግሞ አየር ይከለክላል፤ ሥር ንጥረ ነገር የሚያስገባው በጉልበት ነው፣ ለጉልበቱም ኦክስጅን ይፈልጋል። ውሃ ያቆረ ማሰሮ ላይ ያለ ተክል ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጠወልገው ለዚህ ነው። አተላውን መጀመሪያ ከሌላ ፍግ ጋር አብላሉት።

አንድ ያልፈታሁት አለ። በረንዳ ላይ ያለው የሎሚ ዛፌ በተቃራኒው ከታች፣ አሮጌ ቅጠሎቹ በጅማቶቹ መካከል ቢጫ እየሆኑበት ነው። ማግኒዚየም ከአሮጌ ወደ አዲስ ቅጠል የሚዘዋወር ስለሆነ እሱን ጠርጥሬያለሁ፤ ካልሲየም የበዛበት ውሃም ማግኒዚየም እንዳይገባ ይሻማል። ማግኒዚየም ሰልፌት በማሰሮ ሎሚ ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በአፈሩ ነው ወይስ ቅጠሉ ላይ በመርጨት የተሻለ ውጤት ያያችሁበት?