አንድ ቨርቹዋል ማሽን፣ አራት ዓይነት ሊኑክስ

ኡቡንቱ ላይ የሠራሁትን ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር) ጓደኞቼ በየራሳቸው ሊኑክስ ላይ እንዲያስነሱት ፈልጌ ነበር። የዲስኩን ፋይልና የሊብቨርቱን ኤክስኤምኤል (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ሊብቨርት የማሽኑን ቅንብር የሚያነብበት ፋይል) መስጠት በቂ ይመስላል። ፌዶራ ላይ ግን «ፋይሉ የለም» ብሎ እምቢ አለ።

ጠፋ የተባለው ኦቪኤምኤፍ ነው፤ ማሽኑ በዩኢኤፍአይ፣ በዘመናዊው የኮምፒውተር አነሳስ ሥርዓት፣ እንዲነሳ የሚያደርገው ፈርምዌር (ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቀድሞ የሚሠራ ሶፍትዌር)። ተጭኗል እኮ! ቦታው ነው የተለየው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ዩዝር ሼር በሚባለው የሲስተም ፎልደር ውስጥ ኦቪኤምኤፍ በሚባል ፎልደር ያስቀምጡታል። ፌዶራ ኢዲኬ2 ከሚባል ፎልደር ሥር ይከተዋል። ኦፕንሱሴ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኑን ከሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ከኪዩኢሙ፣ ፋይሎች ጋር ቀላቅሎ ስሙንም ይቀይረዋል። ኪዩኢሙ ራሱ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ላይ ሊብኤግዜክ በሚባል፣ ተርሚናል በማይፈልግበት ፎልደር ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ተርሚናል ላይ ስሙን ብቻ ብትጽፉ አይገኝም።

«ፌዶራ ከሆነ እዚህ፣ ዴቢያን ከሆነ እዚያ» የሚል ስክሪፕት መጻፍ ቀላል ነው። እኔ አልወደድኩትም። ዴቢያን ራሱ ባለ 4 ሜጋባይቱን ፈርምዌር ሲያመጣ የፋይሉን ስም ለውጧል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ዕድሜ ልክ ሲጠገን ይኖራል።

ስለዚህ ቦታ የሚጠቅሰውን መስመር ሁሉ አጠፋሁ። ኤክስኤምኤሉ ውስጥ «ፈርምዌር፣ ኢኤፍአይ» ብቻ አስቀረሁ። ሊብቨርት ከ2019 ወዲህ፣ ማለትም ከእትም 5.2 ጀምሮ፣ የቀረውን ራሱ ይፈልጋል። ዩዝር ሼር ኪዩኢሙ ፈርምዌር የሚባለውን ፎልደር ከፍታችሁ እዩት። ፓኬጁን ያዘጋጁት ሰዎች ያስቀመጧቸው ትንንሽ የጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) ፋይሎች አሉ። ፈርምዌሩ የት እንዳለ፣ ለየትኛው ማሽን እንደሚሆን፣ ሴክዩር ቡት (የታመነ ፊርማ ያለውን ሶፍትዌር ብቻ ማስነሳት) ይችል እንደሆነ ይናገራሉ። ስማቸው በቁጥር የሚጀምረው በስም ቅደም ተከተል ስለሚነበቡ ነው። ምርጫው ካልተስማማችሁ ቅንብሮች በሚቀመጡበት በኢቲሲ ሥር ባለው አቻ ፎልደር ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል አስቀምጡ፤ የእናንተው ይቀድማል።

የኢሙሌተሩንም፣ ማለትም የኪዩኢሙን ቦታ የሚጠቅሰውን፣ መስመር ሰረዝኩት። ስክሪፕቴ የግድ ቦታውን ማወቅ ሲኖርበት «ቪርሽ ዶምኬፓቢሊቲስ» በሚለው የሊብቨርት ትእዛዝ ይጠይቃል። አዲስ ሰፈር ቤት ሲጠፋ የሰፈሩን ሰው እንደመጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ቪርሽ ደምፕኤክስኤምኤል» የሚያወጣው ፋይል ውስጥ ሊብቨርት የኢሙሌተሩን ቦታ መልሶ ሞልቶታል። ለሰው ከመላካችሁ በፊት አጽዱት። ኤንቪራም የሚባለውም፣ ማሽኑ የቡት ምርጫውን የሚያስታውስበት ፋይል፣ ዝም ብሎ አይዛወርም። በ2 ሜጋባይቱ ፈርምዌር የተጻፈው ከ4 ሜጋባይቱ ጋር አይገጥምም። እኔ ትቼው አዲሱ ማሽን የራሱን እንዲፈጥር አደረግኩ።