ምንም አልልም

ጠዋት «እንዴት ነህ?» ስባል «ምንም አልልም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እውነትም ምንም ሳልል ዋልኩ። አልታመምኩም፣ ግን ደህና ነኝ ብል ይታዘበኛል፤ ሆዴ ራሱ።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም ያላቸው የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ናቸው። የዝርያዎችን የመጥፋት አደጋ በሚመዝኑበት ቀይ መዝገባቸው «ለአደጋ የተቃረበ» የሚሉት መደብ አለ። አልጠፋም፣ ሊጠፋም ገና ነው፤ ብቻ ዓይን ከላዩ አይነሳ። የፓስፊክ ዩው የሚባል ዛፍ እዚያ አለ፤ ከጥድ ወገን ነው፣ በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ በግዙፎቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ያድጋል። እንጨት ቆራጮች ከገለባ ቆጥረው ያቃጥሉት ነበር። ኋላ ከቀላ ያለ ቅርፊቱ ታክሶል የሚባል መድኃኒት ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ለእንቁልጢ ካንሰር ተፈቀደ። ቅርፊቱ የተገፈፈ ዛፍ ደግሞ አይተርፍም። ሲንቁት በእሳት፣ ሲወዱት በቢላዋ። የገላገለው መድኃኒቱን ከሌላ ዩው ቅጠል ተነስቶ መሥራት መቻሉ ነው።

እዚያው መደብ ውስጥ አንድ እንጉዳይ አለ፤ ሃፕሎፖረስ ኦዶረስ። በሰሜን አውሮፓ ያረጁ ደኖች በሽማግሌ አኻያ ግንድ ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ ሽታው እንስላልን ያስታውሳል፣ ሳያዩት ከሩቅ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1732 በሰሜን አውሮፓ ጫፍ ያለችውን ላፕላንድን የዞረው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ፣ የዚያ አገር ጎረምሶች መዓዛ ያለው የአኻያ እንጉዳይ በከረጢት አንጠልጥለው ወደ ልጃገረዶች ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

እንጉዳዩን ቢላዋ አላሳደደውም። የሚጎዳው ማደሪያው ሲቆረጥ ነው፤ አሮጌ አኻያ ከሌለ እሱም የለም። መቁጠሩም ያስቸግራል። ዛፍ ቆሞ ይታያል፤ የእንጉዳይ ገላ ግን ግንዱ ውስጥ የተዘረጋ ክር ነው፣ ውጪ የምናየው ፍሬው ብቻ። አንድ ግንድ ላይ ሦስት ብናይ፣ ሦስት ናቸው ወይስ አንድ? እስከ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በመዝገቡ የተገመገሙት የዛፍ ዝርያዎች ከ47 ሺህ በላይ ነበሩ፤ እንጉዳዮችና መሰሎቻቸው በ2025 እ.ኤ.አ. መጋቢት ገና 1,300 ገደማ ደርሰው ነበር። ያልተጠየቀ ሁሉ ደህና ይመስላል።

ከሁለቱ የትኛው ነኝ ብዬ አሰብኩ። እንጉዳዩ ነኝ ልል ቃጣኝ፤ ስውር፣ ጥልቅ፣ ቆጣሪ ያጣ። ወዲያው አፈርኩ። እሱ እኮ መዓዛ አለው፤ እኔ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ገላዬን አልታጠብኩም።