ከ2,400 ስድስት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለ ሳንዳካን የጦር ምርኮኞች ካምፕ ሳነብ ዋልኩ፤ እራት እንኳን ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

በ1945 እ.ኤ.አ. ጃፓኖች በደቡብ ምሥራቅ እስያ ባለችው የቦርኒዮ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል የያዟቸውን የአውስትራሊያና የብሪታንያ ምርኮኞች ከሳንዳካን ወደ ራናው በእግር ነዷቸው። መንገዱ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጫካ፣ ጭቃና ዳገት ነው። ወባና ተቅማጥ ያደቀቃቸው ሰዎች፣ ብዙዎቹም ባዶ እግራቸውን። ደክሞት ወደ ኋላ የቀረ ይገደላል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የሩዙ ነገር ነው። ራናው ከደረሱት መካከል ገና መቆም የሚችሉት የወታደሮቹን ሩዝ በጆንያ እንዲያመላልሱ ተገደዱ። እህል በትከሻቸው ተሸክመው በረሃብ ወደቁ!

በሳንዳካን ካምፕ ከነበሩት 2,400 ያህል ምርኮኞች የተረፉት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ስድስቱም አውስትራሊያውያን፣ ስድስቱም አምልጠው ጫካ የገቡ። ራናው ላይ የቀሩት የመጨረሻዎቹ የተገደሉት ደግሞ ጃፓን እጅ መስጠቷን ካወጀች ከቀናት በኋላ ነው። ጦርነቱ አብቅቶ እኮ ነው! ይህን አእምሮዬ ሊቀበለው አልቻለም።

ያመለጡትን የሸሸጉና ያበሉ የአካባቢው ሰዎች ቢያዙ ሞት እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። የእነሱ ስም እምብዛም አይነሳም። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለልጆቻችሁ ስትነግሩ፣ እባካችሁ እነሱንም ጨምሩ።