ጭሱንም ከመንገዱ እኩል ማቀድ፦ የአዳማ ልምዴ

አዳማ ውስጥ ስለ ትራንስፖርት ፕላን ስብሰባ ሲጠራ የሚነሱት ጥያቄዎች ይታወቃሉ። የትኛው መንገድ ይስፋ? መናኸሪያው የት ይሁን? ባጃጅ በየትኛው መስመር ይሥራ? አየሩን የሚያነሳ ሰው ግን የለም። የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ሥራ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ የአዳማንና የአካባቢዋን ከተሞች የትራንስፖርት ፕላን ወደሚያዘጋጅ ቡድን ስገባ የተሰጠኝ ሥራ ይሄው የሚታለፈው ነገር ነበር። ፕላኑ አገሪቱ ካወጣችው የአየር ጥራት ደረጃ ጋር እንዳይጋጭ ማድረግ። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። ሐዋሳም ይሁን ድሬዳዋ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚጠብቀው ባለሙያ አይጠፋም።

ሕግ አላጣንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የአየር ጥራት ደረጃውም በቁጥር ተቀምጧል። ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ፣ የዓመት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ 5 ነው የሚለው። የእኛ ላላ ይላል፤ እሱንም ቢሆን ከመንገድ ፕላን ጋር ያገናኘው ሰው አላየሁም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ቢኖርም፣ በተግባር የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚሠራው ለየፕሮጀክቱ ነው። አንድ መንገድ ይሰፋል፣ ግምገማ ይሠራለታል፣ ያልፋል። ሌላው መንገድ ይሰፋል፣ እሱም ያልፋል። ለብቻው ሲታይ ማንኛውም መንገድ ከተማውን አይበክልም። አሥሩ ተደምረው ምን ያህል ጭስ እንደሚያመጡ የሚጠይቅ ግን የለም። የመዋቅራዊ ፕላን ዕድሜ በከተማ ፕላን አዋጁ መሠረት 10 ዓመት ነው። ጥያቄው መነሳት የነበረበት እዚያ ላይ ነው፤ ፕሮጀክቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ከተሰለፉበት ሰነድ ላይ።

የሌላ አገር ልምድ ስፈልግ አሜሪካኖች ዘንድ የጠራ አሠራር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተሻሻለው የንጹሕ አየር ሕጋቸው፣ አየሩ ደረጃውን ባላሟላ ከተማ ውስጥ ለተሽከርካሪ ጭስ ጣሪያ ይቆረጥ ይላል። ልክ እንደ በጀት ማለት ነው። የከተማው የረጅም ጊዜ የትራንስፖርት ፕላን፣ ፕሮጀክቶቹ ሁሉ ተደምረው፣ ከዚያ ጣሪያ በታች መሆኑን ማሳየት አለበት። ካላሳየ ለአዳዲስ መንገዶች የሚመጣው የፌዴራል ገንዘብ ይያዛል። የማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 አትላንታ ላይ በተግባር ደርሷል። በማግሥቱ ዓመት የጆርጂያ ግዛት አካባቢውን በሙሉ የሚያይ አዲስ የትራንስፖርት ባለሥልጣን አቋቋመች።

እኛ ዘንድ ገንዘብ የሚይዝ ሕግ የለም። የተቆረጠ ጣሪያም የለም። ግን እነሱም ጣሪያው ገና ባልወጣላቸው ከተሞች የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ መለኪያ አላቸው። አንደኛው ፕላኑ ሲተገበር የሚኖረው ጭስ ከመነሻው ዓመት ጭስ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህን ወሰድኩት። ቀላል ነው፣ ለማንኛውም ኃላፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል፦ «በአሥረኛው ዓመት ከዛሬ የባሰ ጭስ አንቀበልም»።

ይህን ለማለት ግን የዛሬውን ጭስ ማወቅ ግድ ነው። ትልቁ ሥራ ይሄ ነበር።

ሁለት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንዱ ጋ የተሽከርካሪ መረጃ አለ፤ በታርጋ፣ በመስመርና በማኅበር የተደራጀ። ሌላው ጋ የብክለት ቅሬታ አለ፤ በቀበሌ የተመዘገበ። ሁለቱ የሚገናኙበት ካርታ የለም። አንዱ «ከመናኸሪያ ወንጂ» ይላል፣ ሌላው «ቀበሌ እንትን»። ማንም አጥፍቶ አይደለም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ሥራ በሚመቸው መንገድ መዝግቧል። ስለዚህ ሌላ ነገር ሳልነካ ከተማውን በመንገድ ክፍል ከፋፈልኩና የሁለቱንም መረጃ እዚያ ላይ ገለበጥኩ። አንድ ረድፍ፣ አንድ የመንገድ ክፍል። ርዝመቱ፣ አስፋልት መሆኑ፣ ዳሩ አፈር መሆኑ፣ በቀን ስንት ምን ዓይነት መኪና እንደሚያልፍበት። ከዚህ ሥራ የሚቀር አንድ ነገር ካለ ይህ ሰንጠረዥ ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንድ ቁጥር እያዩ መነጋገር የጀመሩት በእሱ ነው።

የመኪኖቹን ዕድሜ ከዓመታዊ ምርመራው መረጃ ወሰድኩ፤ ቦሎ ሲታደስ የሚሞላው ማለት ነው። ዕድሜ ለምን እንዳስፈለገ በቁጥር ላሳይ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለከባድ መኪና ያወጣችው ዩሮ 1 ደረጃ ሞተሩ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.36 ግራም ብናኝ እንዲለቅ ይፈቅድ ነበር። ዩሮ 6 የሚፈቅደው 0.01 ግራም ነው። ሠላሳ ስድስት እጥፍ ልዩነት። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ከብዙ አዳዲሶች ይበልጣል ማለት ነው። መኪና መቁጠር ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የትኛው መኪና እንደሆነ ካልታወቀ።

ስሌቱ አያስፈራም። የመኪና ብዛት፣ ሲባዛ በኪሎሜትር፣ ሲባዛ አንዱ መኪና በኪሎሜትር በሚለቀው ግራም። ለምሳሌ ያህል፦ በቀን 1,000 አሮጌ የጭነት መኪኖች 4 ኪሎሜትር ከተማ ውስጥ ቢጓዙና እያንዳንዳቸው በኪሎሜትር ግማሽ ግራም ቢለቁ፣ በቀን 2 ኪሎ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። ኤክሴል ይበቃል። ውድ ሞዴል እስኪገዛ ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም።

ወረቀቱ የማይነግረኝ ነገር ስለነበረ ማለዳ መናኸሪያ መሄድ ጀመርኩ። ሊነጋጋ ሲል አውቶብሶቹ ሞተር አስነስተው ይሰለፋሉ። ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ ቡና የምትሸጠው ሴት ጀበናና ስኒዋን አሰናድታ ከጭስ ማውጫው ሁለት ክንድ ርቃ ተቀምጣለች። እኔ ቅጼን ይዤ መውጫው በር ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። አንድ ጎልማሳ ተራ አስከባሪ ሲያዩኝ ቆይተው መጡ።

«ልጄ፣ እዚህ ምን ትቆጥሪያለሽ?»

«የሚያልፈውን መኪና ነው ጋሼ። ጭሱን ለማስላት።»

«ጭሱማ የሚያልፈው ጋ አይደለም፤ የቆመው ጋ ነው። የፍሬኑ ንፋስ እስኪሞላ፣ ሰው እስኪሞላ፣ ተራው እስኪደርስ ሞተር አይጠፋም። አንዳንዱማ ባትሪው ደክሟል፤ ካጠፋው ተገፍቶ ነው የሚነሳው።»

ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበሩ። ቆሞ የሚያጨስ መኪና ኪሎሜትር አይጨምርም፤ በእኔ ቀመር ውስጥ ዜሮ ነው። ከዚያ በኋላ ለመናኸሪያውና ለጭነት መኪና ማቆሚያዎቹ የተለየ ዓምድ ከፈትኩ፤ ሞተር ሳይጠፋ የሚቆይበት ደቂቃ። የቆይታውን ጊዜ የመዘገቡልኝ ተራ አስከባሪዎቹ ናቸው። ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የማንን ተራ መቼ እንደለቀቁ አይጠፋቸውም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው እነሱን ቀድሞ ያግኝ እላለሁ።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ድንበር ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት አብዛኛው የሚሄደው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ቀረጡም ገቢውም እዚያ ነው። ጭሱ ግን ከወለንጪቲ በኩል ገብቶ አዳማን አቋርጦ ያልፋል። አዳማ ብቻዋን የትራንስፖርት ፕላን ብታወጣ ይህን መኪና አትጨምርም አትቀንስም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ሞጆን፣ ወንጂን፣ ወለንጪቲንና አዋሽ መልካሳን እንዲጨምር አጥብቄ ተከራከርኩ። ተከራክሬም አሳመንኩ። ያኔ ነው የባቡሩ ጉዳይ ወደ ውይይቱ የገባው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ኮንቴነር ወደ ባቡር በዞረ ቁጥር ከአዳማ መሐል አንድ የጭነት መኪና ይቀንሳል። ከተማው መንገድ ላይ አንድ ብር ሳያወጣ ማለት ነው።

ስብሰባ ላይ ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ። «አዳማ እኮ ነፋስ አላት፤ ጭሱ መች ይቆያል?» እውነት አለው። ነፋስ ባይኖር ከከተማው ጥግ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ 51 ሜጋዋት ሁለተኛው 153 ሜጋዋት፣ እዚያ ባልተተከሉ። ግን ከተማዋ በኮረብታ የተከበበች ናት። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከታች ያለው አየር ይረጋል፤ የማለዳ ጭስ ቶሎ አይነሳም። መናኸሪያው የሚጨናነቀው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ቀን ነፋሱ ሲነሳ ጭሱን ይወስዳል፣ በምትኩ ከመንገድ ዳር ያለውን አፈር ያነሳል። በበጋ የአዳማን አቧራ የማያውቅ የለም።

ጥቂት ርካሽ የመለኪያ መሣሪያዎችም ሰቅለን ነበር። ብናኙን በብርሃን የሚለኩት ዓይነት። ለደቃቁ ጭስ ይረዳሉ፤ ትልልቁን የአቧራ ብናኝ ግን በደንብ አያዩም። አቧራ በበዛበት ቀን መሣሪያው «ደህና ነው» ቢል አትመኑት። እኔ ጥዋትን ከከሰዓት ለማነጻጸር ብቻ ተጠቀምኩባቸው። አየሩ ከደረጃው በላይ ነው ወይስ በታች የሚል ፍርድ በእነሱ አልሰጠሁም። ሌላም ምክንያት አለ። የአዳማ አየር ውስጥ የማገዶ ጭስ፣ የሚቃጠል ቆሻሻና የፋብሪካ ጭስ ይገባበታል። የትራንስፖርት ፕላን እነዚያን አይነካም። ቃል መግባት ያለብን በመኪናው ጭስ ላይ ነው። በሙሉው አየር ላይ ቃል ገብቶ በኋላ መልስ ከማጣት ይሻላል።

አማራጮቹ በሰንጠረዡ ሲፈተሹ የፕሮጀክቶቹ ቅደም ተከተል ተለወጠ። መሐል ከተማ ያለውን ዋና መንገድ የማስፋት ሐሳብ ብዙ ደጋፊ ነበረው። መጀመሪያ ፍጥነት ስለሚጨምር ጭሱ ይቀንሳል። መኪና እየቆመ ሲሄድ በኪሎሜትር የሚለቀው ብዙ ነውና። ከዚያ ግን መንገዱ ስለተመቸ ተጨማሪ መኪና ይመጣል፤ በአሥረኛው ዓመት ስሌቱ የመነሻውን ዓመት ጭስ አለፈ። ወደ ኋላ ተገፋ። ከፊት የመጡት ብዙ የማይወራላቸው ናቸው። የመንገድ ዳር አፈርን ማንጠፍ። የጭነት መኪኖች ማደሪያን ከመኖሪያ ሰፈር ማራቅ። መናኸሪያ ውስጥ ተራው ሁለት መኪና እስኪቀረው ድረስ ሞተር እንዲጠፋ ማድረግ። የመጨረሻው ወጪው ምንም ማለት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው የተራ አስከባሪዎቹ ስምምነት ነው፣ እነሱም ሐሳቡን ከመጀመሪያው የራሳቸው አድርገውታል።

«የነዳጅ የቤት መኪና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ሁሉም ኤሌክትሪክ ሲሆን ችግሩ ይፈታል» የሚሉኝ አሉ። ክልከላውን እደግፋለሁ። የምናመነጨው ኃይል ከውኃና ከነፋስ ስለሆነ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ግን አዳማ ላይ የሚያጨሰው የቤት መኪና አይደለም። አሮጌው የናፍጣ ጭነት መኪናና አውቶብስ ነው፤ እነሱ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ጎማ አለው፣ አፈር ዳር ላይ ሲወጣ አቧራ ያነሳል።

አሁን የምከራከርለት አንድ ነገር ቀርቷል። ሰንጠረዡ በየዓመቱ እንዲታደስ፣ የዕድሳቱም ጊዜ ከቦሎ ጋር እንዲገጥም። የመኪናው መረጃ በዚያ ሰዓት ትኩስ ነው፣ የሚሞላው ሰውም እዚያው አለ። ለቅጹ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩ ብዬ ጽፌ አስገብቻለሁ፦ የሞተሩ ደረጃ፣ በዓመት የሄደው ኪሎሜትር፣ የሚሠራበት መስመር። ኪሎሜትሩ ከዳሽቦርዱ ይነበባል። መስመሩን ሾፌሩ ይናገራል። የሞተሩን ደረጃ ከሊብሬው ማግኘት ሁሌ አይቻልም፤ ለእሱ የተመረተበትን ዓመት መነሻ የሚያደርግ ማመሳከሪያ አዘጋጅቼ ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ።